ስለ እጅ ሰዓት፥ ስለ አምሳልና ስለ ስም

ሁለት የእጅ ሰዓቶች ጐን ለጐን ቢቀመጡ፥ አንዱ በስዊስ አገር በታወቀ ቤት የተሠራ፥ ሁለተኛውም የፊተኛውን መልክና ክብደት፥ ስሙንም ጭምር ወስዶ ባልታወቀ ሰው እጅ የተገጣጠመ ቢሆን፥ ሁለቱም ሳይዛነፉ እኩል ሲቈጥሩ የተመለከተ ሰው፥ ሐሰቱ በየትኛው ብልት ውስጥ እንዳለ ይናገር ዘንድ ቢጠየቅ በቶሎ አይመልስም። ፀሐይ ከራስ በላይ ስትሆን ሁለቱም ቀትር ነው ይላሉ። ስለ ጊዜ እውነቱን የሚናገር ዕቃ በምን ምክንያት ሐሰተኛ ይባላል? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የነጋዴና የጕምሩክ ሹም ጉዳይ ይመስላል፤ ረጋ ብሎ ለመረመረው ግን ስለ አምሳል፥ ስለ ስምና ስለ ሠሪ ሳይነጋገሩ ሊፈቱት የማይቻል የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው።

ከመፍረድ በፊት ማየት ይገባልና፥ አስቀድመን የእውነተኛውን ሰዓት የጀርባ ክዳን እንክፈት። በአንዲት ትንሽ ክብ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሞላ፥ ባለቤቱ በጣቱ ባጠበቀው ጊዜ የተቀበለውን ኃይል ቀስ በቀስ ለመንኰራኵሮቹ ያስረክባል፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ወደ መጨረሻው ጥርሳም መንኰራኵር ባደረሱት ጊዜ፥ ባለሁለት ክንድ የሆነች አንዲት መንጠቆ በቀይ ዕንቍ ጫፎቿ እየያዘችና እየለቀቀች በልክ ታሳልፈዋለች። የመያዝና የመልቀቁን ጊዜ የምትወስነው ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ሚዛን ናት፤ እርስዋንም ወደ ቦታዋ የሚመልሳት፥ የሆላንዱ ጠቢብ ክርስቲያን ሁይገንስ በ1675 ለዓለም የገለጠው፥ ከጠጕር የቀጠነው ጥምዝ ሽቦ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ከዛሬዎቹ ሰዓቶች በብዙዎቹ ይህች ሚዛን በአንድ ሰዓት 28,800 ጊዜ፥ በአንድ መዓልትና ሌሊት 691,200 ጊዜ ትመታለች። የዘንጎቹ ቀጭን ጫፍ በሚዞርበት በእያንዳንዱ ዕንቍ ላይ ዓይን በጭንቅ የሚያያት የዘይት ጠብታ አለች፤ ያች ጠብታ ከደረቀች የቀረው ብልሃት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በቀን ውስጥ ካሉት 86,400 ሴኮንዶች፥ የስዊስ የክሮኖሜትር መርማሪዎች ለእንዲህ ያለው ሰዓት የሚፈቅዱለት ስሕተት በአማካይ ከአራት ሴኮንድ መዘግየትና ከስድስት ሴኮንድ መቅደም አያልፍም።

አሁን ደግሞ አስመስሎ የተሠራውን እንክፈት። ርካሹ ዓይነት ምስጢሩን ለመግለጥ አያስቸግርም። በእውነተኛው ገጽ ላይ ሴኮንድን፥ ደቂቃንና ሰዓትን ለይተው የሚቈጥሩት ሦስቱ ትንንሽ ክቦች በእርሱ ላይ የተሣሉ ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው የተተከሉት ጥቃቅን ዘንጎች በሙጫ ተጣብቀዋል፤ በጐኑ ያሉት ሁለት መጫኛዎችም ሲነኳቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ፥ ተመልሰውም ይወጣሉ፥ ነገር ግን ከምንም ጋር አልተያያዙምና ምንም አያንቀሳቅሱም። እንዲህ ያለውን ሰዓት የያዘ ሰው ሐሰቱን በጣቱ ይዳስሰዋል። ተራቅቆ የተሠራው ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። ኢታ የተባለው የስዊስ ፋብሪካ 2824 ብሎ የሰየመው ማሽን የብቻ መብቱ ዘመን ስላለፈ፥ በቻይና በቲያንጂን ከተማ ያለው የሲጋል ፋብሪካ የእርሱን አምሳያ በገዛ ስሙ፥ የማንንም መብት ሳይነካ ይሠራል፤ ይህን የመሰለ ማሽን በሐሰተኛ ሰዓት ሆድ ውስጥ በገባ ጊዜም እንደ እውነተኛው በሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታል። እንግዲህ ሐሰቱ በመንኰራኵሩ ውስጥ አልተገኘም።

በመምሰሉ ይሆን? ይህን ኢትዮጵያዊ ሊል አይችልም። የየደብሩ ታቦት ለሙሴ በተሰጠው ጽላት አምሳል የተቀረጸ ነው፤ በጳጳስ እጅ ተባርኮ፥ ሜሮን ተቀብቶ፥ በመንበሩ ላይ ሲያርፍ፥ አምሳል ነው ብሎ ስግደቱን የሚያጐድል ምእመን የለም። ቁም ጸሐፊውም እንዲሁ ነው። ብራናውን ፍቆና አለስልሶ፥ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ፥ የብርዑን ጫፍ ቀርጾ ወንጌልን ሲገለብጥ፥ ከፊቱ የተዘረጋውን ዋናውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል ይከተላል፤ ድካሙ ሁሉ እርሱን ለመምሰል ነው። ሥራውን ፈጽሞ፥ አናብቦና አርሞ ሲያበቃ ግን፥ በመጨረሻው ቅጠል ራሱን ኃጥእ ብሎ ስሙን በትሕትና ያገባል፥ አንባቢውም እንዲጸልይለት ይለምናል እንጂ፥ ሉቃስን ስለ ገለበጠ ሉቃስ እኔ ነኝ አይልም። ምንጩን የሚናዘዝ አምሳል ከምንጩ በረከት ይካፈላል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ አንድም መጽሐፍ ከአባቶቻችን ወደ እኛ ባልደረሰም ነበር።

እንግዲህ የቀረን በገጹ ላይ በጥቂት ፊደላት የተጻፈው ስም ነው። በ1747 በኑሻቴል ተወልዶ በፓሪስ የሠራው አብርሃም ሉዊ ብረጌ፥ ሥራው በአውሮፓ ነገሥታትና መኳንንት ዘንድ በከበረ ጊዜ፥ ስሙን በሐሰት እየጻፉ የሚሸጡ ሰዎች በዙበት፤ እርሱም በ1795 ገደማ፥ ከሚታየው ስም ሌላ፥ በነጩ የኤናሜል ገጽ ላይ ከ12 ቍጥር በታች ስሙን በረቂቅ መሣሪያ ይጭር ጀመር። ይህ ጽሕፈት ከመርቀቁ የተነሣ ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው አይታይም፤ ሰዓቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ በትዕግሥት የሚመረምር ብቻ ያነበዋል። ብረጌ በሰዓት ሥራ ላይ የጨመረው ብልሃት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከብልሃቶቹ ሁሉ ይህን ስውር ፊርማ አስበልጣለሁ። ለውዳሴ የተጻፈ ስም ይገዝፋል፤ ይህ ግን የተሰወረው፥ ሥራህ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመጣ ጊዜ አዎን የእኔ ነው ብሎ ለመመለስ ነው።

ስሙን በሥራው ላይ የሚጽፍ ሰው፥ ዕቃው ከእጁ ወጥቶ ከሄደም በኋላ አለሁለት ብሎ ቃል ኪዳን ይገባል። ፈላስፎችም ስለ ዓለም ፈጣሪ በተከራከሩ ጊዜ ይህን ነገር በሰዓት ምሳሌነት ነክተውታል። በ1715ና በ1716 ጀርመናዊው ላይብኒጽ፥ በዌልስ ልዕልት በካሮሊን በኩል፥ የኒውተን ወዳጅ ከሆነው ከቄስ ሳሙኤል ክላርክ ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ፥ የኒውተን ሰዎች እግዚአብሔርን ሰዓቱን በየጊዜው መሙላትና ማረም የሚያስፈልገው ሠሪ አስመስለውታል፥ ይህም ጥበቡን ማሳነስ ነው ብሎ ነቀፈ። ክላርክም፥ ሠሪው ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሥራ ለሠሪው ክብር እንጂ ውርደት አይደለም፥ ያለ ንጉሡ አሳብና ሥራ ሁሉ ነገር በራሱ የሚሄድበት መንግሥት ንጉሥ አለው ለማለት ያስቸግራል የሚል መልስ ሰጠ። የላይብኒጽ አእምሮ ምንም ያህል ቢያስደንቀኝ በዚህ ክርክር ከክላርክ ጋር እቆማለሁ፤ የሊቃውንታችንም ትምህርት ፈጣሪነትን ከመጋቢነት ለይቶ አያውቅም፤ ፍጥረትና መግቦት የአንዱ አምላክ ሥራ ናቸው፥ ፈጥሮ የተወም አይባልም። የዚህ ጥላ በሰው ሥራ ላይም ይታያል። በጄኔቫ ያለው የፓቴክ ፊሊፕ ቤት ከተመሠረተበት ከ1839 ጀምሮ የሠራውን ማናቸውንም ሰዓት ተቀብሎ እንደሚያድስ ይናገራል፤ የሠሩት እጆች መቃብር ከወረዱ በኋላ እንኳ ስሙ ስለ እነርሱ መልስ ይሰጣል። ሐሰተኛው ሰዓት በቆመ ጊዜ ግን ወደ ማን ይወሰዳል? በገጹ ላይ ስሙ የተጻፈው ቤት አላውቅህም ይለዋል፤ የሠራው ሰውም ስሙን ሰውሮ ሄዷል። ሐሰቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መልስ ሰጪ ሳይኖረው መልስ ሰጪ አለኝ ይላል።

ሐሰቱም በሠሪው ዘንድ አያበቃም። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ አንደበትን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን እያወቀ ፎርጅዱን በክንዱ አስሮ፥ ሰው እንዲያይለት እጅጌውን ሰብሰብ የሚያደርግ ሰው አፉን ሳይከፍት መስክሯል። ሳያውቅ የገዛው የተበደለ ነው። ይህን ስል ኦርጅናሉን ያሰረውን ማጽደቄ አይደለም፤ ውዳሴ ከንቱ በንጹሕ ወርቅ ቢገዛም ያው ውዳሴ ከንቱ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በካልቪን ዘመን፥ የጄኔቫ ሹማምንት ጌጥ ማብዛትን ስለ ከለከሉ ወርቅ አንጥረኞቹ ወደ ሰዓት ሥራ አዘነበሉ፥ ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ባለሙያዎችም ተጨመሩባቸው፥ በ1601ም የሰዓት ሠሪዎቹ ማኅበር ደንቡን አቆመ፤ ጌጡ ተከልክሎ በቦታው የተተካው መሣሪያ ከዘመን በኋላ ራሱ ከጌጥ ሁሉ የከበረ ጌጥ ሆነ። ደመወዙ ጥቂት የሆነ ወጣት፥ ለሽማግሌ ወይም ለሥራ ጥያቄ ሲቀርብ እንዳይናቅ ብሎ ፎርጅዱን ቢያስር፥ እፈርድበት ዘንድ አልቸኩልም፤ ሰውን በክንዱ የሚመዝን ማኅበር ከእርሱ ይልቅ የሚጠየቅበት ነገር አለ። ነገር ግን ጃፓኖቹ በ1963 ያወጡት ሴኮ ፋይቭ፥ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን እየሞላ፥ ዕለቱን ከነቀኑ እያሳየ፥ በመጠነኛ ዋጋና በገዛ ስሙ ብዙ ሕዝብ ማገልገሉን ይህ ወጣት ቢያውቅ መልካም ነው።

ውድ ሰዓት የሚሰበስቡትን ሰዎች ግን የምወቅሳቸው በሌላ ነገር ነው። ሰዓት እንደ እህል በጎተራ ተከምሮ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በሣጥን ተዘግቶ ቢቀመጥም ዘይቱ መወፈሩንና መድረቁን አይተውም፤ እንዲህ ሆኖ ሳለ በድንገት ቢሞሉትና ቢያስኬዱት ብረቱ ይፋተጋል፥ ዘንጉም ይበላል። ስለዚህ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ተፈትቶ መታጠብና እንደገና ዘይት መቀባት ይገባዋል፤ በእጅ የሚሞላውም በየቀኑ፥ ቢቻል በአንድ ጊዜ ላይ፥ መሞላትን ይሻል። አርባ ሰዓት አከማችቶ ለሁለቱ ብቻ የሚያስብ ሰው የሁለት ሰዓት ባለቤት ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን አስሯቸዋል። ባለቤትነትም ራሱ መልስ መስጠትን ያስከትላል። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው፥ 2497 የሚል የዓይነት ቍጥር ያለው የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በ2015 በክሪስቲስ ቤት ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ጥያቄ ተነሥቶበት ተመለሰ፥ በ2017 ግን ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። የተነሣው ጥያቄ ሰዓቱ እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚል አልነበረም፤ የማን ነው የሚል ነበር። በእኔ ፍርድ እንዲህ ያለው ዕቃ ሕዝብ ሁሉ በሚያየው የአገሩ ቤተ መዘክር መቀመጥ ይገባው ነበር።

አንተም አንባቢዬ፥ አንቺም እኅቴ፥ በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የአባት ወይም የአያት ሰዓት ቆሞ ተቀምጦ እንደ ሆነ፥ ስሙ የታወቀም ይሁን ያልታወቀ፥ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉት፥ ራሳችሁም ልትፈቱት አትሞክሩ። በፒያሳና በመርካቶ በጠባብ የመስተዋት ሣጥን ጀርባ ተቀምጠው፥ ማጕያውን በዓይናቸው ይዘው የሚሠሩ አዛውንት ሰዓት ሠሪዎች ዛሬም አሉ፤ ባትሪ መለወጥ ብቻ የሚያውቀው ትውልድ ግን በቦታቸው እየተተካ ነው። ወስዳችሁ አሳጥቡት፥ ዘይቱንም አስቀቡት፥ በድካማቸውም ዋጋ አትከራከሯቸው፤ ከተቻለም አንድ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ሙያውን እንዲማር ላኩ።