ፊቱን ወደ ግድግዳ

ጎባ ያለው የወላጆቼ ቤት ምሰሶው ጥድ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃው በገብስ ጭድ የተቦካ ነው። ያደግነው ሳሎኑ ከወለል እስከ ኮርኒስ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነው። በባሌ ደጋ የኖረ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ወረቀቱ የጭቃውን ትቢያ ይይዛል፣ ከሳነቴ የሚወርደው ብርድ በስንጥቅ እንዳይገባ ይከልላል፣ ቤቱንም ያፈካዋል። እናቴ መስቀል ሲደርስ ዱቄት በውኃ በጥብጣ እሳት ላይ ታማስልና በአሮጌው ላይ አዲስ ትለጥፋለች። አሮጌውን የሚያነሳ አልነበረም፤ ግድግዳው በየዓመቱ አንድ ወረቀት ያህል ይወፍራል።

እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ጡረታዬም ሲቃረብ፣ ቤቱን አድሼ ልገባበት አሰብኩ። ቀለም ቀቢው «እትዬ፣ ምን ያደክምዎታል? ጀሶውን ላዩ ላይ እናልብሰውና እንቀባዋለን» አለኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ፤ ትንሿን ክፍል እንዲያ አደረግናት። ለፋሲካ አምራ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ወረቀቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ከጭቃው ተላቀቀ፣ ጀሶውም አብሮት አበጠ። ነሐሴ ላይ በጣቴ ብነካው ሰሃን የሚያህል ቁራጭ ወለሉ ላይ ወድቆ ተከሰከሰ።

ሳሎኑን ግን በገዛ እጄ እፍቃለሁ ብዬ ተነሳሁ። ከምኖርበት ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተመላለስኩ አራት ወር ፈጀብኝ። ሳይሠሩት ቀላል ይመስላል። ውኃው ካነሰ የላይኛው ሽፋን ብቻ ይላጥና የቀረው እንደ ሽበት ተንጨፍሮ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ውኃው ከበዛ ደግሞ ጭቃው ራሱ ርሶ ጭዱን እንደያዘ በቢላው ላይ ይመጣል፤ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። በስንት ልፋት ያገኘሁት መላ በፍል ውኃ የራሰ ጨርቅ አልብሶ አቡነ ዘበሰማያት አምስት ጊዜ እስኪደገም መታገሥ ነው። ያኔ የድሮው ሙጫ ይለሰልሳል፣ የሆመጠጠ ሊጥ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ወረቀቱም እሺ ብሎ ይመጣል። በጓንት አይሆንም፤ ጠርዙን በጥፍር መፈለግ ግድ ነው። ሁለት ጥፍሮቼ ተነቅለዋል።

ከላይ አዲስ ዘመን ነበር፤ በ1933 የተጀመረው ጋዜጣ ከዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ከሥሩ የደርግ ዘመኑ ሠርቶ አደር። ከዚያ በታች ኦሮምኛውን በግዕዝ ፊደል ይጽፍ በነበረበት ጊዜ የታተመ በሪሳ። የትናንቱ መንግሥት የዛሬው ጀርባ ላይ በእናቴ ዱቄት ተጣብቋል።

የመጨረሻው ሽፋን ግን ጋዜጣ አልነበረም። ጓዳው በር አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ መስመር ያለው ወረቀት ፊቱን ወደ ጭቃው አድርጎ ተለጥፏል። ጨርቁን አልብሼ፣ ታግሼ፣ አነሳሁት። የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው። በኮፒያ እርሳስ የተጻፈው ውኃው ሲነካው ሐምራዊ ሆኖ ደመቀ፦ ቆርቆሮ 12፣ ሚስማር 2 ኪሎ፣ ላምባ፣ ጨው። ዓመተ ምሕረቱ 1972። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ የባሌ ገበሬ በመንደር ምሥረታ የድሮ ቤቱን አፍርሶ በተመደበለት ቦታ የሚሠራበት ጊዜ ነው። አባቴ ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ይህ የዱቤ መዝገቡ ነው። በአንድ ሰው ስም አናት ላይ የከፈለበት ምልክት የለም።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ድንገት ቤታችን መምጣት ያቆመ፣ መንገድ ላይ ሲያየን ዞር የሚል ሰው ነበር። ምን አድርገነው ይሆን እያልኩ ነው ያደግኩት። እናቴን ስጠይቃት «ተይው» ትለኝ ነበር። ያን ዕለት እርጥቡን ወረቀት ይዤ ቆሜ ደሜ ፈላ። የእኛ ቆርቆሮ ቤቱን ከድኖለት ነው ለካ የሚዞርብን! ልጆቹ ዛሬም ጎባ አሉ፤ አንዱ ከእኔ ጋር በአንድ እድር ነው።

አጥር የሚያገናኘን ሐጂ ከግቢ ሆነው የምቆልለውን ወረቀት ሲያዩ ነበር። ላቃጥለው መሆኑን ሲሰሙ የአላህ ስም ያለበት እግር ሥር እንዳይወድቅ እየለዩ አቀበሉኝ። ገጹን አሳየኋቸው። ስሙ ላይ ሲደርሱ ማንበባቸውን ትተው ወረቀቱን አጠፉት። «ልጄ፣ አባትሽ ሰትሮታል» አሉኝ፤ ሸፍኖታል ማለታቸው ነው። ሌላ አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ የማሰላስለው ይህንን ነው፦ ይቅርታ መፋቅ ነው ወይስ መሸፈን? መጽሐፉ ሁለቱንም ይላል። በኦሪት ዘሌዋውያን 14 ላይ ቤቱን ደዌ ሲይዘው ግድግዳው በውስጥ ዙሪያውን ይፋቃል፣ ፍቅፋቂው ከከተማ ውጭ ይጣላል፣ በሌላ ጭቃ ይመረጋል። በኦሪት ዘፍጥረት 9 ደግሞ ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁት ላለማየት ልብስ በትከሻቸው ይዘው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይሸፍኑታል፤ ያየውና ያወራው ካም ነው። ዳዊትም በ50ኛው መዝሙር ኃጢአቱ እንዲደመሰስለት ይለምናል፣ በ31ኛው ግን ኃጢአቱ የተከደነለትን ሰው ያመሰግናል። በልጅነታችን ለጥምቀት የተማርነው የመደምሰስን ነው። ዲያብሎስ የአዳምንና የሔዋንን የባርነት ደብዳቤ በሁለት ድንጋይ ጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረ፤ ጌታ ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን ረግጦ አቀለጠው፣ ወደ ሲኦል ወርዶም ሁለተኛውን አጠፋው። በአቡነ ዘበሰማያት እኛ በደል የምንለው በማቴዎስ ወንጌል የግሪክኛው ቃል ዕዳ ነው። ይህን ከዓመታት በፊት ሰምቼ አልፌው ነበር፤ ሐምራዊው ጽሑፍ እጄ ላይ ሲደማ ገባኝ።

አባቴ ወረቀቱን ማቃጠል ይችል ነበር። መክሰስም ይችል ነበር፤ በዘመኑ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ነበረ። ሁለቱንም ትቶ ፊቱን ወደ ጭቃ መለሰው፣ በሪሳ ለጠፈበት፣ ሚስቱም ለልጇ «ተይው» አለች። እንደ ሴምና ያፌት ወደ ኋላ ተራምደው ነው የሸፈኑት ብዬ አምናለሁ። እኔ ነኝ ዞሬ ያየሁት።

ታዲያ ቀለም ቀቢው የሸፈነው ክፍል ለምን ፈረሰ? የዚህ መልስ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በዚሁ ቤት ውርስ ምክንያት ከእህቴ ጋር ሦስት ዓመት ተኳርፈን ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው ፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ብዬ ደወልኩላት፤ ስለ ውርሱ ግን ቃል አልተነፈስኩም። ጀሶ አለበስኩት ማለት ነው። ሌላው እኔን የበደለኝን መሸፈን ለእኔ የተሰጠ ነው። እኔ የበደልኩትን ግን ልሸፍነው ሥልጣን የለኝም፤ እስከ ማገሩ መፋቅ አለብኝ። መሸፈኑ የተበዳዩ ድርሻ ነው። የነፍስ አባቴም ኑዛዜ ስገባ የሚያደርጉት ሁለቱን ነው፤ እኔን ያናዝዙኛል፣ የሰሙትን ደግሞ ለማንም አይናገሩም።

እህቴ ጊኒር ነው የምትኖረው። ሄድኩ። ያደረግኩትን በየስሙ ጠርቼ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ቡና አፈላች፣ እንደ ጥንቱ ራሴን ሠራችኝ፤ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልመለሰችም።

ስመለስ ጓዳ ገብቼ ዱቄት በጠበጥኩ፣ አማሰልኩ። የአባቴን ገጽ ፊቱን ወደ ጭቃው አድርጌ የነበረበት ቦታ ላይ ለጠፍኩት፤ በላዩ የወሩን ጋዜጣ አለበስኩበት። ሦስቱ ግድግዳዎች ተመርገው፣ ጀሶ ለብሰው፣ ነጭ ተቀብተዋል። የጓዳው በር አጠገብ ያለው እንደ ድሮው ወረቀት ነው።