ያረጀን ፈረስ መጦር

ሰው ከሰው ጋራ የሚገባው ውል በወረቀት ይጻፋል፤ ምስክርም ይቆጠርበታል። ከእንስሳ ጋራ የሚገባው ውል ግን ወረቀትም ምስክርም የለው። ፈረሱ ጀርባውን ይሰጣል፤ ባለቤቱም መኖውን ይሰፍርለታል። ጉልበት እስካለ ድረስ በዚህ ውል ላይ ክርክር አይነሣም። ጉልበቱ ያለቀ ዕለት ግን፣ ውሉ ከጉልበቱ ጋራ አብሮ አልቋልን፣ ወይስ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ቀርቷል? የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው የፈረስ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ለጠቀመው ሁሉ ምን ዕዳ አለበት የሚለው የታላቁ ጥያቄ አንድ ክፍል ነው።

አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በይፋት ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ የመንዝና የግሼ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል። የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ያ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ያልፋል፤ ከተማዋ ያለችበት ቆላ ከዚህ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ፈረስ የደጋ ልጅ ነው። በክረምት በቆላ የምትፈላው ደቃቅ ትንኝ የፈረስን ክፉ በሽታ ታስተላልፋለች፤ በዚህ በሽታ የተያዘ ፈረስ ሳንባው ውኃ ሞልቶ ወይም ራሱ አብጦ ብዙ ጊዜ ይሞታል። በቢሾፍቱ የሚዘጋጅ ክትባት ዛሬ አለ፤ ሆኖም ዋጋው ላነሰ ፈረስ ክትባት የሚያስወጋ ሰው ጥቂት ነው።

የእኛ ቤት ከአጣዬ በላይ ባለው ደጋ ነበር። አባቴ አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። እኅቴን ለሙሽርነት ያጀበ፣ እናቴን በታመመች ጊዜ ወደ ሐኪም ያወረደ፣ አባቴን ከለቅሶ ወደ ለቅሶ ያደረሰ እርሱ ነው። ጥርሱ አልቆ ጀርባው ገጣባ በሆነ ጊዜ፣ አባቴ በሰኔ አንድ ቀን ወደ ገበያ አወረደውና ለአንድ ባለጋሪ በርካሽ ዋጋ ሸጠው። በዚያው ገንዘብ ለእኔ ደብተርና ሸራ ጫማ ተገዛልኝ። በጳጉሜን ለትምህርት ልመዘገብ ስወርድ ፈረሱን ከመንገድ ዳር አየሁት። ጋሪው የለም፤ ልጓሙም ወልቋል፤ ዝናቡ እየወረደበት ፊቱን ወደ ደጋው አዙሮ ቆሟል። በስሙ ብጠራው ጆሮውን አቀና። ከጓደኞቼ ጋራ ነበርሁና ጥዬው አለፍሁ። በማግሥቱ ስመለስ ከጅብ የተረፈ አጥንት ብቻ አገኘሁ።

በቤታችን ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር፣ «እኛ አልጣልነውም፤ ሸጥነው እንጂ» እንባባል ነበር። ብዙ ዓመት ካሰብሁበት በኋላ የተረዳሁት ግን፣ ያረጀን ፈረስ መሸጥ ስሙ የተለወጠ መጣል መሆኑን ነው። ሻጩ ዕዳውን ከእርሱ ለሚያንስ ድኻ ያስተላልፋል፤ ያም ከራሱ ለሚያንሰው ያስተላልፋል። በመጨረሻ ገመዱን የሚለቀው እጅ ከሁሉ የደኸየው ሰው እጅ ነው። እኛም ያን ሰው ጨካኝ ብለን እንፈርድበታለን፤ ነገር ግን ከፈረሱ ጉልበት አብዛኛውን የወሰድነው እኛ ነን።

ይህ የድኾች ጉድለት ብቻ እንዳይመስለን ታላላቅ መንግሥታትም አድርገውታል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ከብሪታንያ ጦር ጋራ ዘምተው የነበሩ በሺሕ የሚቈጠሩ ፈረሶች በግብፅ ተሸጡ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. ዶሮቲ ብሩክ የምትባል እንግሊዛዊት ሴት ካይሮ ስትደርስ፣ እነዚያ የጦር ፈረሶች አርጅተውና ከስተው በከተማው ጐዳና ሸክም ሲጐትቱ አገኘቻቸው። ለአገሯ ጋዜጣ ጽፋ በተሰበሰበላት ገንዘብ 5,000 ያህል ፈረሶች ገዛች፤ በ1934ም የእንስሳት ሐኪም ቤት አቋቋመች። ከገዛቻቸው አብዛኞቹ ሊድኑ የማይችሉ ስለ ነበሩ፣ ጥቂት ቀን አሳርፋና አጥግባ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ አደረገች። ከዚህ የምንማረው ዕዳ መክፈል ማለት ሁልጊዜ ዕድሜ መጨመር አለመሆኑን ነው። አንዳንድ ጊዜ ዕዳው መልካም ፍጻሜ ነው።

ዛሬ በብዙ ከተሞች ባጃጅ የጋሪን ቦታ እየወሰደ ስለ ሄደ የሚለቀቁ ፈረሶች አልጠፉም። የአባቴ ታናሽ ወንድም በዚያው ደጋ ላይ ሦስት የተጣሉ ፈረሶች ሰብስቦ ሲያከርም አይቻለሁ። ሥራው ቀላል አይደለም። ድርቆሹን በጥቅምት አጭዶ ይከምራል። ጭቃ ላይ ውሎ የሚያድር ሰኮና ይበሰብሳልና፣ ዝናቡ ሳይጠና የጋጣውን ወለል በድንጋይ ደልድሎ ገለባ ያነጥፍበታል። በረኀብ የሰለለ ፈረስ በአንድ ጊዜ እህል ቢጠግብ ሊሞት ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጥቂት ድርቆሽ ደጋግሞ ይሰጠዋል። ጥርሱ ላለቀው ድርቆሹን አሳጥሮ ቈርጦ ከፉርሽካ ጋራ በውኃ ያርስለታል። ገጣባውን ለብ ባለ የጨው ውኃ ያጥባል፤ ዝናብ የመታውን ገላ በገለባ ፈትጎ ያደርቃል። ሌሊት ጆንያ ያለብሳቸዋል፤ የራሰውንም ጆንያ ማልዶ ይገፍላቸዋል።

«ጋሼ፣ ለማይሠራ ፈረስ ምነው ይህን ያህል ይደክማሉ?» አልሁት።

«አንተ አስተማሪ ነህ፤ ነገ ጡረታ ትወጣለህ» አለኝ። «የማይሠራ ሰው ደመወዝ ምን ያደርግለታል ቢሉህ ምን ትመልሳለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ጡረታ የሚለው ቃል የወጣው ጦረ ከሚለው ግሥ ነው። መጦርም ያረጁትን አባትና እናት መመገብና መደገፍ ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1950ዎቹ ዓመታት በአገራችን ሲወጣ፣ ይህ የቤት ቃል የመዝገብ ቤት ቃል ሆነ። የጡረታ አበሉን የሚቀበል ሰው ምጽዋት ተቀበልሁ አይልም፤ አስቀድሞ የሠራበት ነውና። እንግዲህ የፈረስም ነገር እንደዚሁ ከሆነ፣ የምንሰጠው ድርቆሽ ከርኅራኄ በፊት የፍትሕ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው አቤቱታ ይጽፋል፤ ፈረስ አይጽፍም። ስለዚህ የከፋዩ እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ጠያቂ በሌለው ዕዳ ላይ ነው። በይፋት ጐን ለጐን የሚኖሩት ሁለቱ ሃይማኖቶችም ይህን አይስቱትም፤ በአንደኛው የሰንበት ዕረፍት ለበሬና ለአህያ ጭምር ተሰጥቷል፤ በሁለተኛው ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ይነገራል።

ይሁን እንጂ የሚከራከር ሰው ይነሣ ይሆናል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ በግጭት ተቃጥላ፣ ሰዎች ሞተው፣ ሕዝቧም ወደ መሐል ሜዳና ወደ ደብረ ብርሃን ተሰዶ ነበር። ልጁን ታቅፎ በሌሊት ዳገት በወጣ ሰው ፊት ስለ ያረጀ ፈረስ መናገር አያሳፍርምን? ይላል። እውነት ነው፤ ሰው ይቀድማል። ነገር ግን አንዱ ቀደመ ማለት ሌላው ቀረ ማለት አይደለም። ፈረስን የምንጥለው ሁልጊዜ ሰው ስለ ቸገረው ነውን? እኔ ያን ዳማ ጥዬ ያለፍሁት የተራበ ልጅ ላበላ አልነበረም፤ ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ነበር። ችግርን ምክንያት አድርገን የምናቀርበው ችግሩ በሌለበት ጊዜ ጭምር ነው።

እንግዲህ የሚቻለውን ያህል ማድረግ ይገባል። መኖ ያለው ሰው ያክርመው። የሌለው ሰው የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፍለት ያድርግ እንጂ ከእርሱ ለሚያንስ ድኻ አይሽጠው። ከሁሉ ይልቅ ግን በዝናብና በጅብ መካከል ገመድ መፍታትን «ነጻ ለቀቅሁት» ብሎ አይጥራው።

አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። የአገው ፈረሰኞችም ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በጥር ወር በእንጅባራ ተሰብስበው የፈረስን ውለታ ያስባሉ። ስሙን ለክብራችን የወሰድንለት እንስሳ በእርጅናው ስም አልባ ሆኖ በመንገድ ዳር እንዲቀር መፍቀድ ከዚህ ባህል ጋራ አይስማማም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እኔን እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያደረሰኝ ዳማ ነው፤ እርሱን ግን ወደ ደጋው ያደረሰው የለም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ያ ዕዳ ገና ስላልተከፈለ ነው።