የሌለ ኬክ ሽታ

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አንድ ዓርብ ረፋድ፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ውስጥ አንዲት የስድስት ዓመት ግድም ልጅ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ «ብስኩት አለሽ?» አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ተነስቼ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደዚያ የሄድኩት የአክስቴ ልጅ እሑድ ልትዳር ስለ ነበር ነው። ያን ዕለት ጠዋት ለድግሱ የጎደለ ሽንኩርት ልንገዛ ከአክስቴ ጋር ገበያ ወጥተናል። ልጅቱ እናቷ ሽንኩርት ከደረደረችበት ማዳበሪያ አጠገብ ቆማ ነበር። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፈን አደረገች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ቦርሳዬን ከፈትኩት። መሐረብ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ጥቂት ብር። «የለኝም የኔ እናት» አልኳት። አላመነችኝም። እንዴትስ ታምነኝ? ይሸታታል እኮ! እናቷ በኀፍረት እጇን ጎትታ ወሰደቻትና «ይቅር በይኝ እታለም፤ ሥርዓት አላስተማርኳትም» አለችኝ።

ያፈረችው እናት ናት። ጥፋቱ ግን የማን ነበር?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዋሽንግተን የምትኖር አብሮ አደጌ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ልካልኝ ነበር። በየአየር ማረፊያው ከሚደረደሩት ሳይሆን በትንንሽ ቤቶች በጥቂት በጥቂቱ ከሚቀመሙት፣ ነጋዴዎቹ «ኒሽ» ከሚሏቸው ወገን ነው። ዋጋውን ስሰማ ለአንድ መጣጥፍ ከሚከፈለኝ ጋር አሰላሁት። (ውጤቱን ለአንባቢ መንገር ራስን ማዋረድ ስለሚሆን ይቅር።) ስሙ የጣፋጭ ምግብ ስም ነው፤ ክዳኑ ሲነሳም ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንደኛው ደጃፍ የሚያልፉ ይመስላል።

ሽቶን ክዳኑ ላይ አሽትቶ መፍረድ አይገባም፤ ለብሶት መዋል ነው የሚሻለው። ይኼኛው መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እሱ ይሄድና የነደደ ስኳር፣ የቀለጠ ቅቤና ቫኒላ ይመጣሉ። ማምሻውን ነጠላ ላይ የሚቀረው እንጨት እንጨት የሚል ለስላሳ ጠረን ነው። እኔ የወደድኩለት ስኳሩ ትንሽ ማረሩን ነው፤ ባያር ኖሮ ያቅለሸልሽ ነበር። ቀዝቀዝ ባለው የጋይንት ማለዳ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ፀሐይ ከወጣችና ሰው ከተጋፋ በኋላ ግን አደባባይ ይወጣል። ያን ዕለትም የሆነው ይኸው ነው።

ሽቶ ሠሪዎች ቫኒላን ከጀመሩት ቆይተዋል። የፓሪሱ ጌርላን ቤት «ሻሊማር»ን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ራሱን ችሎ ጣፋጭ ምግብ የሚሸት ሽቶ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1992፣ ኦሊቪዬ ክሬስፕ የተባለው ቀማሚ ለቲዬሪ ሙግለር ቤት «ኤንጅል»ን ሲሠራ ነው። አፈር አፈር ከሚሸተው ፓቹሊ ጋር ኤቲል ማልቶል የተባለውን ንጥረ ነገር በገፍ ጨመረበት፤ ለልጆች እንደ ጥጥ ተድበልብሎ የሚሸጠው ስኳር ዓይነት ሽታ ያለው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ካራሜሉም፣ ቸኮላቱም፣ ማሩም ተከተለ። ፈረንሳዮቹ ይህን ወገን «ጉርማን» ብለው ይጠሩታል፤ መብል ወዳድ፣ ሲከፋም ሆዳም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ እነሱ ጠርሙስ ላይ ይጽፉታል።

ቫኒሊን የተባለውን የቫኒላ ዋና ጠረን እ.ኤ.አ. በ1874 ቲማንና ሃርማን የተባሉ ሁለት ጀርመኖች ከጥድ ዓይነት ዛፍ ፈሳሽ ሠርተውታል። ዛሬም በዓለም ገበያ የሚዞረው ቫኒሊን እጅግ የሚበዛው የፋብሪካ ነው። ውድ ሽቶም ውስጥ ይገባል፤ በየሱቁ በሚሸጠው ርካሽ ብስኩትም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የአርብ ገበያዋ ልጅ አልተሳሳተችም። ያ ሁሉ ዶላር የወጣበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ አውቃ ስሙን ጠራችው። እኔ ከዚያ በፊት ካነበብኳቸው የሽቶ ሐተታዎች ሁሉ የእሷ ትክክለኛ ነበር።

ሽቶ ሁሉ የሌለ ነገር ይሸታል ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል። እውነት ነው። አገራችን ለዘመናት ለባሕር ማዶ ሽቶ ሠሪዎች ስትልክ የኖረችው ዝባድ ከጥርኝ ይፋቃል፤ በቀንድ ታጭቆ ይላካል፤ ለብቻው ሲሸተት አፍንጫ ያስይዛል። የሻኔል ቤት እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በሰው ሠራሽ ተክቼዋለሁ እስካለበት ጊዜ ድረስ ስመ ጥር በሆነው ቁጥር 5 ሽቶው ውስጥ ይገባ ነበር። ታዲያ ያንን የተቀባች ወይዘሮ ዘንድ ቀርቦ «ጥርኙ የታለ?» ያላት አልነበረም። ጽጌረዳ የሸተተችውንም አበባ አምጪ የሚላት የለም። የምግብ ሽታ ግን ይለያል። የምግብ ሽታ ይጠራል።

እኛ አገር ደግሞ ጥሪው ግዴታ አለበት። ቡና ሲቆላ ጭሱ በእንግዳ ፊት የሚዞረው ለምንድን ነው? ጎረቤትስ ሽታው ሲደርሰው ሳይጠራ ቢመጣ ማን ነውር ይለዋል? ነፍሰ ጡር የወጥ ሽታ ደርሷት ሳትቀምስ እንድትቀር የምታደርግ ሴት በሰፈሩ ስሟ ይነሳል። ኩርላንደርና ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የተራራውን እሳት ተረት አንባቢ ያስታውሰው ይሆናል። አሽከሩ በብርድ ተራራ ላይ ራቁቱን ለማደር ይወራረዳል፤ ሌሊቱን በሩቁ የሚታይ እሳት እያየ ያነጋል፤ ጌታው «እሳት ካየህማ ሞቀህ» ብሎ ይከለክለዋል። ብልሁ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብር ይጠራና የወጡን ሽታ ብቻ ያቀርብላቸዋል። በሽታ የሚጠግብ ሰው እንደሌለ ያኔ ይገባቸዋል። እኔም አርብ ገበያ ላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው። እሱ ግን ለተበደለ ሰው ፍርድ ሊያስገኝ ነው፤ እኔ ላምር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ለአክስቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እሳቱን እየቆሰቆሰች ስለ ሰባ ሰባት ታወራ ጀመር። በ1977 ዓ.ም. አዲስ ተጋቢ ነበረች። «ያኔ ጥቂት ማሽላ ያለው ሰው ሲቆላ በሩን ዘግቶ ነው። ሽታው ከወጣ ጎረቤት ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ አይከለከልም» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና «እኛም ዘግተናል» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ልብሴን አጥቤ ሽቶውን ሻንጣ ውስጥ እቀብረዋለሁ ስላት ግን ተቆጣች። «ለምን ብለሽ? እኔስ ራሴ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብላ ጎንበስ አለችልኝ። በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው። «ራሴ ተቀባ እንጂ አፌ አልበላ» አለች። እውነትም፣ እናቶቻችን ፓሪሶች ሳያስቡት ምግብ ሲለብሱ ኖረዋል! እንዲያውም የእኔ ሽቶ ከማንም ጓዳ ቅቤ አልቀነሰም። «ልጅቱን ያሳዘናት ቦርሳሽ ባዶ መሆኑ ነው» ብላ ፍርዷን ዘጋች።

ፍርዱን ወደድኩት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። የአክስቴ ቅቤ እውነተኛ ቅቤ ነው፤ ያላትን ያሳያል እንጂ የሌላትን አይጠራም። ደግሞስ ቦርሳዋን በብስኩት ሞልታ በሄደችበት ለልጆች የምትበትን የከተማ ሴት መሆን ይሻላል? እንዲህ ዓይነቶቹን እንግዶች አይቻቸዋለሁ፤ ደስ አይሉኝም።

ይሁንና ሽቶውን ልቅበረው ያልኩበትም ምክንያት ሲመረመር ንጹሕ አይደለም። ጋይንት ሲባል ድርቅና ዕርዳታ ብቻ ትዝ ስለሚለኝ፣ ጣፋጭ ሽታ ለዚያ ሰው አይገባውም ብዬ ከላይ ሆኜ መወሰኔ ነበር። ልጅቱ ከመጠየቋ በፊት ዓይኗን ጨፍና ማሽተቷን ረስቼዋለሁ። ያች ቅጽበት የእሷ ነበረች፤ ተደስታባታለች። እኔ ያየሁት የተዘረጋ እጇን ብቻ ነው። ሽታውን ብነፍጋት ደስታዋም ይቀር ነበር። ብሰጣት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አለ። ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ነው ያነጋሁት።

ቅዳሜ ብስኩት ገዝቼ ወጣሁ። ገበያው የዓርብ ነው፤ ሜዳው ላይ የሽንኩርት ልጣጭና ጥቂት ፍየሎች ብቻ ነበሩ። እናትና ልጅ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እሑድ ጠዋት ሙሽራዋ ስትለብስ ጠርሙሱን አይታ «እኔንም እስቲ» አለችኝ። አመነታሁ። «ምን ሆነሻል? የሌላውን ሽታ መቼ ከለከልሽ?» ብላ አንገቷን ሰጠችኝ። አንገቷንም ነጠላዋንም ረጨሁላት። ወዲያው የጎረቤት ልጆች እየተጋፉ መጥተው የነጠላዋን ጫፍ ያዙ። «ብስኩት!» አለ አንዱ። ሚዜዋ ከመሶቡ ድፎ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችው፤ እሱም እያኘከ እንደገና አሸተታት።