ያልሳሳው ዳስ

ጅማ ውስጥ፣ ቦሳ ኪቶ ዳር፣ ከአንድ ጅረት አጠገብ፣ የቡና ችግኝ የሚያፈሉ አንድ ሐጂ ነበሩ። ዘሩ ከመልኮ ምርምር ማዕከል የወጣው 74110 ነው፤ ገበሬው በቁጥሩ ነው የሚጠራው። ታኅሣሥ ላይ አፈር በተሞላ ጥቁር ፕላስቲክ ይዘሩታል፣ ከላይ ወፍራም የሣር ዳስ ይጥሉለታል፣ ጧትና ማታ ያጠጡታል።

ሰኔ ሲገባ ገዢዎች የክንድ ልክ ዘንግ ይዘው ይመጣሉ። ከዘንጉ የረዘመውን ይጭናሉ፣ ያጠረውን ያልፉታል። ችግኝ ደግሞ ጥላ ሲበዛበት ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል። ስለዚህ ሐጂ ዳሱን አንድም ቀን አሳስተውት አያውቁም።

አንድ ክረምት ከጎማ አንዲት አሮጊት መጡ። ዘንግ አልያዙም። ከተጫነው መካከል ረጅሙን አንስተው ፕላስቲኩን ቀደዱና አፈሩን በጣታቸው አራገፉት። ዋናው ሥር ከታች እንደ መንጠቆ ታጥፏል።

«ሐጂ፣ ዝናቡ ሲያባራ ይሄ ምን ይሆናል?»

«አዴ፣ እኔ እስከ በሬ ነው የማሳድገው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገዢው ያውቃል።»

«በሚያዝያ ሣሩን ቀስ በቀስ ቢያነሱለት፣ ውኃውንም ቢቀንሱለት፣ ፀሐይን እዚሁ እርስዎ እጅ ላይ ይለምድ ነበር።»

«ካሳሳሁትማ ያጥራል፤ ገዢ አያየኝም።»

«እንግዲያ የሚያሳድገው ዘንጉ ነው፣ እርስዎ አይደሉም።» አሮጊቷ ወደ አጥሩ ዞሩ። ዘንግ ያላለፉት ችግኞች እዚያ ተደርድረዋል፤ ብዛታቸው ከተጫኑት እጅግ ይበልጣል። «እነዚህስ?»

«እነሱማ አልደረሱም።»

«ሐጂ፣ ያጠጧቸው እርስዎ አይደሉም?»

ሐጂ መልስ አልነበራቸውም።

ዳሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ነው፣ ዘንጉም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ከመቶ ሦስት ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ያም ሆኖ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አጥሩ ሥር ናቸው። ዘንጉን አልወቅስም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በብዛት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠቱ ኩረጃን ለመቁረጥ ነውና ደግ ተደረገ እላለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ አሥራ ሁለት ዓመት ውኃ የፈሰሰው ለሁሉም ሆኖ ሳለ፣ የመትከያ ጉድጓድ የተቆፈረው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። ዘንጉን ያለፉትም ቢሆኑ ሥራቸው ቀጥ ማለቱን ያየላቸው የለም።

ጅማ ልጅን ለሥራ አዘጋጅቶ መልቀቅን የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሥሩ እሱ ነው። ልጆቹ እርሻን ከጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን ከማሳም ይማሩ ነበር። ዛሬ ቡና በከበባቸው ትምህርት ቤቶች የፎቶሲንተሲስን ቀመር አጥርቶ የሚጽፍ፣ ግን ቡና ሲጎነደል አይቶ የማያውቅ ልጅ አለ። ቀመሩ ይቅር አላልኩም፤ መጎንደያውን ጨምሩለት ነው የምለው።

ባለፈው ዓመት ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከራፖር ጸሐፊው ፊት አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልሎታል። የሥራ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ነው የመጣው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲጽፍ የኖረ ልጅ፣ አንዲት ገጽ ለማስጻፍ ብር ከፈለ። ጸሐፊው ስሙን፣ ቀበሌውንና ቀኑን ከጻፈ በኋላ ብዕሩን አንሥቶ ጠየቀው።

«ምን ሥራ ይችላል ልበል?»

ልጁ ፌስታሉን ፈታ፣ ሰርተፊኬቱን አውጥቶ ፊትና ጀርባውን አገላብጦ አየው።