ለመስቀል ያልመጡት

ጤነኛና ጉልበት ያለው ሰው ጎዳና ካደረ ጥፋቱ የራሱ ነው የሚለው አሳብ በጉራጌዋ ከተማችን ጉንችሬ ውስጥ ጠበቃ አያጣም። እኔም ያደግኩት በዚሁ አሳብ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ልፈትነው ስነሣ በመጀመሪያ ማስረጃውን ሳላቃልል ማስቀመጥ አለብኝ። ከእነሞርና ከኤነር፣ ከቸሃና ከእዣ ልጆች ባዶ እጃቸውን አዲስ አበባ ይገባሉ። ጫማ ይጠርጋሉ፣ ይሸከማሉ፣ ሱቅ በደረቴ ያዞራሉ። ውለው አድረው እቁብ ይገባሉ፤ እቁቡ ሲደርሳቸው ትንሽ ሱቅ ይከራያሉ። መርካቶን ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ የጀመሩ ናቸው። ታዲያ ከተማው ያው፣ ዘመኑ ያው፣ እጁም ያው ባዶ ከሆነ፣ አንዱ ሱቅ ሲከፍት ሌላው በረንዳ ላይ የሚያድረው ለምንድን ነው? መልሱ ከሰውየው ከራሱ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

መጠራጠር የጀመርኩት ይህ ማስረጃ በምን መንገድ እንደሚደርሰን ሳስብ ነው። ጉንችሬ ስለ አዲስ አበባ የምታውቀውን አብዛኛውን የምታውቀው በመስከረም ነው። መስቀል ሲቃረብ መንገዱ በመኪና ይሞላል፤ ሰንጋ ይገዛል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ቆጮው ከጉድጓድ ይወጣል። ሙስሊሞቹ ዘመዶቻችን ደግሞ በአረፋ እንዲሁ ይመጣሉ። የሚመጣው ታዲያ ማነው? ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለታናናሾቹ ጫማ መግዛት የቻለ ነው። ያልቻለው ባዶ እጁን አይመጣም። አንድ ሽማግሌ ዘመዴ "የኛ ልጅ ጎዳና አያድርም" ሲሉኝ፣ "ጋሼ፣ ለመስቀል ያልመጡት የት ይሆኑ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "ወይም አፍረው" አሉ።

የሽማግሌው ሁለተኛ መልስ ብዙ ነገር ይገለብጣል። በየዓመቱ የሚቀርቡልን ምስክሮች የተሳካላቸው ብቻ ከሆኑ፣ "የሠራ ሁሉ ይሳካለታል" ብለን መደምደማችን አያስገርምም፤ ሠርቶ ያልተሳካለት ሰው ቃሉን ለመስጠት አይመጣማ። ጉንችሬ ላይ ጎዳና የሚያድር ሰው እምብዛም የማናየውም በከፊል ለዚሁ ነው። ማደሪያ ያጣ የመንደራችን ልጅ አውቶቡስ ተራ ወይም አንድ የሱቅ በረንዳ ላይ ተኝቶ፣ ሌላ ሰው "የማን አገር ሰነፍ ነው?" እያለ ያልፈዋል። ድህነቱ የኛ ሆኖ ጎዳናው የሌላ ከተማ ነው።

ይሁንና ይህ ምስክሮቹ ጎደሉ ይላል እንጂ የተገኙት ምስክሮች ዋሹ አይልም። ሱቅ የከፈቱት በላባቸው ነው የከፈቱት፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ስለዚህ ወደ እነሱ ተመለስኩና ሌላ ነገር ጠየቅኩ፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አደሩ? እስካሁን ከሰማኋቸው ታሪኮች ውስጥ በዚህች ላይ የተለየ የለም። አጎት ነበረ፤ የአጎት ጎረቤት ነበረ፤ ከአንድ ጎጥ የመጡ ልጆች ተጨናንቀው የሚያድሩባት ክፍል ነበረች። አንዱ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ከባንኮኒው ሥር ያስተኛው ዘመድ ነበረው። ለእቁቡ ዋስ የሆነለትም ያው ዘመድ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ እንሰቱ ነበረ። ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት ከ40 እስከ 60 እግር እንሰት፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ብቻ ይዞ፣ 5 ወይም 6 ነፍስ ያለበትን ቤተሰብ ሊመግብ ይችላል። ልጁ አዲስ አበባ ላይ ቢወድቅ የሚመለስበት ጓሮ ነበረው ማለት ነው። ባዶ እጁን ገባ ስንል የምንቆጥረው ኪሱን ብቻ ነው።

ጓሮውም ቢሆን ያለ አሳብ የሚታመኑበት አይደለም። መሬቱ ለወንድማማች እየተሸነሸነ ጠቧል፤ አጠውልግ በሽታ የገባበት የእንሰት ማሳ ደግሞ የዓመታት ድካም ነው ይዞ የሚሄደው፤ እንሰት ተተክሎ በዓመቱ የሚደርስ ነገር አይደለምና።

እዚህ ላይ ግን ራሴን በጥያቄ ያዝኩት። ከአንድ ቤት የወጡ፣ አንድ አጎት ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ነጋዴ አንዱ በረንዳ አዳሪ ሲሆኑ አይታይም? ይታያል። ያኔስ ዘመዱና ጓሮው እኩል ስለሆኑ ልዩነቱ ከጠባያቸው መጣ ማለት አይደለም? ይህን መመለስ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። የመስቀል ዋዜማን አውቶቡስ ያየ ሰው ግን መልሱ ይገባዋል። ወንበሩ 60፣ ተሳፋሪው 100 ቢሆን፣ ማን እንደሚቀር ጉልበትና ፍጥነት ይወስኑታል፤ የቀሩትን አንድ በአንድ ብትጠይቅ አንዱ አርፍዷል፣ አንዷ ሕፃን አዝላለች፣ አንዱ ጠጥቷል። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም እውነት ነው። አርባ ሰው መቅረቱን ግን ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም አያስረዳውም። የጠጣው ሰው በጊዜ ነቅቶ ቢሳፈር ኖሮ ሌላ ሰው ይቀር ነበር። እኛ የምንከራከረው ስለ ሰካራሙ ነው፤ ወንበሩን የቆጠረ የለም።

ስለዚህ ወንበሩን፣ ማለትም ማደሪያ ቤቱን፣ ልቁጠር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ባለቤትና ተከራይ የሚባለውን ግንኙነት አስቀረ፤ ዝቅተኛ ኪራዮችን ቀነሰ። ቀድሞ ቤት ውስጥ ለነበረው ድሃ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አባቶቻችን የቀበሌ ቤት ይዘው በጥቂት ብር ልጅ አሳድገዋል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ግን የሚከራይ ቤት የሚሠራለት እምብዛም አልነበረም። ቆይቶ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ብዙው እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅም ውል ላለው ተከራይ ይጠቅማል፤ በየሌሊቱ እየከፈለ ለሚያድር ልጅ ግን ምኑም አይደለም። በኮሪደር ልማት ሰፈር ሲነሣ ምትክ የሚጠየቅለት ባለይዞታውና የቀበሌ ቤት ተከራዩ ነው፤ በዚያ ቤት ጥግ ደባል ሆኖ የኖረው ስሙ በየትኛው መዝገብ ይገኛል?

ሕጋችንም ከሰካራሙ ጋር የሚከራከር ይመስለኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 መነሻው መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ነው። ላለመበደል ልጨምር፦ ድሃ መሆን ብቻውን አያስከስስም፤ አዋጁ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች አንዱ መገኘት አለበት። የተጠረጠረው ግን የዋስ መብት የለውም። መሥራት ይችላል የሚለውን የሚመዝነው አካሉን አይቶ ነው፤ ሥራው መኖሩን የሚመዝን አንቀጽ አላገኘሁም። ከዚያም በፊት በ1965 ዓ.ም. ከወሎ በረሃብ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ያቀኑ ገበሬዎችን ፖሊስ መልሷቸዋል። እነዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰዎች ነበሩ፤ መንገድ ዳር ሲታዩ ግን ልክ እንደ ለማኝ ነው የታዩት።

ሰነፍ ነው የሚለውን አሳብ ለመፈተን እንዲያውም ወሎም ሆነ መርካቶ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። እዚሁ ጉራጌ ውስጥ ፉጋ እየተባሉ ሲገፉ የኖሩ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ። የጉራጌ ጎጆ ያለ መካከለኛው ምሰሶ አይቆምም፤ ምሰሶውን የሚያወጡትና የሚያቆሙት እነሱ ነበሩ። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉራጌ ጥናቱ ይህን ጽፎታል። እነዚሁ ሰዎች ግን እንሰት የሚተክሉበት የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም፤ የሚኖሩት በሌላው ፈቃድ ጥግ ይዘው ነበር። ከነሱ በላይ የሠራ ማን ነው? የሁላችንን ቤት አቆሙ፣ ለራሳቸው መሬት አጡ። ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል፤ ያረጀ ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ ይለኛል። እኔ ግን የአገራችንን ነገር ትቼ ስለ አዲስ አበባ ብቻ ብናገር ማስረጃዬ ጎዶሎ ይሆናል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ እሱን ማለፍ አልቻልኩም። ማስቲሽ የሚስበው ልጅስ? ሱስ ያለበትን ሰው ቤት ብትሰጠው ምን ይፈይዳል? በዚህ ላይ ሕዝባችን ርኅሩኅ አይደለም ማለት አይቻልም። የቢንያም በለጠ መቄዶንያ የመርጃ ማዕከል የሚቆመው በሕዝብ መዋጮ ነው፤ ለአረጋዊና ለአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆን እጃችን ይዘረጋል፣ በየበሩም ምጽዋትና ዘካ አይጠፋም። ለጎረምሳው ሲሆን እጃችን ይሰበሰባል። ጎረምሳው ግን ማስቲሹን የሳበው ጎዳና ከመውጣቱ በፊት ነው በኋላ? ከልጆቹ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ብርዱንና ረሃቡን ለመርሳት ነው የሚል ነው፤ የሐምሌን ሌሊት ካርቶን ላይ ያደረ ያውቀዋል። ሁሉም ላይ እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ቀድሞ የጀመረም አለ።

ፊንላንዶች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምረው ለዚህ ሌላ መንገድ ሞክረዋል፦ በመጀመሪያ የቤት ቁልፍ ይሰጣሉ፣ ሱሱን ተው፣ ሥራ ፈልግ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጎዳና አዳሪያቸውም ቁጥር ቀነሰ። እነሱ ገንዘብም ቤትም አላቸው፤ እኛ ከየት አምጥተን? ብዬ ልዘጋው ነበር። ነገር ግን ከባንኮኒ ሥር የተኛው ልጅ ትዝ አለኝ። ዘመዱ መጀመሪያ ሥራ አግኝና ና አላለውም፤ መጀመሪያ አስተኛው። ይህን መንገድ ጉራጌ ከማንም አልተማረውም፤ ውድም አልነበረም፤ አንድ ምንጣፍ የምታክል ወለል ነበረች።

ወለሏ የምትገኘው ግን "የማን ልጅ ነህ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ሲመጣ ነው። የእንጀራ አባት ያባረረው፣ እናቱ የሞተችበት፣ ከዘመድ ተጣልቶ የወጣ ልጅ መልስ የለውም። ቀበሌ ቢሄድም የሚጠየቀው በሌላ አነጋገር ይኸንኑ ነው፦ ከመጣህበት መሸኛ አምጣ፣ የቤት ቁጥርህን ንገረኝ። መሸኛ ከሌለው የቀበሌ መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ ከሌለው ተያዥ የሚሆነው አያገኝም፤ ያለ ተያዥ ደግሞ ለዘበኝነት እንኳ የሚቀጥረው የለም። ለዚህ ልጅ ትጋ ብለን ከመምከራችን በፊት እነዚህን ሁሉ በሮች የትኛው ትጋት እንደሚከፍትለት የሚነግረኝ ሰው እየፈለግኩ ነው።