መሪውን ከማስረከባችን በፊት



ወላጅ ለልጁ የሚያስረክባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሃይማኖቱን፣ ቋንቋውንና ስሙን ያወርሰዋል፤ አላህ ከሰጠውም ንብረቱን ይተውለታል። ልጁ ከእነዚህ አንዱን ቢያበላሽ በመጀመሪያ የሚጎዳው ራሱና ቤተሰቡ ነው። የመኪና መሪ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። መሪ ባልተዘጋጀ እጅ ከገባ ጉዳቱ የሚደርሰው በነገሩ ውስጥ በሌለ ሰው ላይ ነው፤ መንገድ በሚያቋርጥ አዛውንት ላይ፣ ከትምህርት ቤት በሚመለስ ሕፃን ላይ። ታዲያ ወላጅ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጁ መሪውን ሲያስረክብ በእጁ ያለው የማን ሐቅ ነው? የራሱ ነው ወይስ የሌላው?

ጥያቄው በሀገር ቤት ላለ ወላጅ ብዙም አይነሳ ይሆናል። በኢትዮጵያ መንዳት የሚፈልግ ሰው ማሠልጠኛ ገብቶ ይማራል፤ አስተማሪውም ፈታኙም ሌላ ሰው ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ነገሩ የየቤታቸው ጉዳይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊም ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው፣ የዋሽንግተን ከተማ ጎረቤት በሆኑት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ግዛቶች፣ ሕጉ ወላጅን አስተማሪም ምስክርም አድርጎታል። በቨርጂኒያ አንድ ልጅ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው የለማጅ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ፈቃዱን ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይዞ መቆየት አለበት፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም ከጎኑ አዋቂ አሽከርካሪ ተቀምጦ 45 ሰዓት ይነዳል፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት። በሜሪላንድ ደግሞ ልምምዱ 60 ሰዓት ነው፤ ከዚህም 10ሩ የሌሊት ነው። ልጁ በመምህር የሚሰጠውን ትምህርት ቢወስድም፣ እነዚህን ሰዓቶች በትክክል መንዳቱን በፊርማው የሚያረጋግጠው ወላጁ ነው።

ፊርማውና ምስክርነቱ

ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። አባት ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ጧት ይተኛል። እናት በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። ዘጠኙ ወር ሳይታወቅ ያልፋል። ልጁ ምናልባት ዐሥር ሰዓት ያህል ነድቷል፤ ወረቀቱ ግን 45 ይላል። በዚህ ጊዜ አንድ ቀላል መንገድ ይታያል። እስክሪብቶ አንስቶ ባዶውን ቦታ በአንድ መቀመጫ መሙላትና መፈረም ነው።

ይህን የሚያደርግ ሰው ምክንያት አያጣም። «ወረቀት ነው እንጂ ሌላ ምንድነው?» ይላል። «ልጁ እንደሆነ ጎበዝ ነው» ይላል። «ችግር ሆኖብን ነው፤ አላህ ያውቃል» ይላል። እነዚህን ምክንያቶች በሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው።

«ወረቀት ነው» የሚለው አይሄድም። ኒካሕም ውርስም ዕዳም በወረቀት ይሰፍራል፤ ወረቀቱን የሚያከብደው በላዩ ላይ ያለው ቃል ነው። ያልሆነን ነገር ሆኗል ብሎ በፊርማ ማረጋገጥ ከሐሰት ምስክርነት ምን ይለየዋል? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ታላላቅ ወንጀሎችን ሲዘረዝሩ ተደግፈው እንደ ነበር፣ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ግን ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ሶሐቦቹ ዝም ባሉ ብለው እስኪመኙ ድረስ ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ በሐዲስ ተዘግቧል። እንዲህ የተጠነቀቁለትን ነገር እኛ «ወረቀት ነው» ብለን ማቃለል አይገባንም።

«ልጁ ጎበዝ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቅልጥፍና ሌላ፣ ብስለት ሌላ ነው። ወጣት እጁ ፈጣን፣ ዐይኑም ንቁ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ሕፃን ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያስበው ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው አሽከርካሪዎች፣ በሚነዱት ርቀት ልክ ሲሰላ፣ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ የሚደርስባቸው ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ሕጉ የሌሊቱን ሰዓት ለብቻው መቁጠሩም ያለ ነገር አይደለም፤ ቀን የሚታየው ጉድጓድ፣ ጥቁር የለበሰ እግረኛ፣ የዝናብ ነጸብራቅ በሌሊት ሌላ ነገር ይሆናል።

የመንገዱ ባለ ሐቅ

«ችግር ሆኖብን ነው» የሚለው ምክንያት ከሁሉም የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ችግራችን የሌላውን ሰው ሐቅ አይፈታልንም። አላህ (ሱ.ወ.) በራሱና በባሪያው መካከል ያለውን ቢሻ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ከባለቤቱ ይቅርታን ይጠይቃል። የምንፈርምበት ወረቀት ባለ ሐቅ ደግሞ ስሙንም መልኩንም የማናውቀው መንገደኛ ነው። ይቅር እንዲለን አስቀድመን ልንጠይቀው አንችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል ረገድም ቀዳሚው ምክንያት ይኸው ነው። ሸሪዓችን እንዲህ ያለውን ሞት «ሳይታሰብ የሆነ ነው» ብሎ ብቻ አያልፈውም። በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሟች ቤተሰብ የደም ካሣ፣ ለአላህም ከፋራ እንዳለበት በሱረቱ ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ ተደንግጓል፤ ዛሬ ከፋራው ሁለት ወር አከታትሎ መጾም ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ስብሰባ ጉዳዩን መርምሮ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር በሸሪዓም ግዴታ እንደሆነ፣ አሽከርካሪም በሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ወስኗል።

ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እሾህ ማንሳት ኢማን ከሆነ፣ ያልተዘጋጀ አሽከርካሪ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ምን ሊባል ነው?

ፈትኑ፣ እዩ፣ አስረክቡ

ቁርኣን ስለ መኪና አልተናገረም፤ ስለ ማስረከብ ግን ተናግሯል። በሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የየቲም ንብረት የያዙ ሰዎች ልጆቹን እንዲፈትኑ፣ ለአቅመ ጋብቻ ደርሰው ብስለት ካዩባቸው ንብረታቸውን እንዲሰጧቸው፣ ሲሰጡም ምስክር እንዲያደርጉ ታዘዋል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ፈተና፣ ቀጥሎ ብስለትን ማየት፣ ከዚያ ማስረከብ፣ በመጨረሻም ምስክርነት። ዕድሜ ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም። በገንዘብ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ የሰው ነፍስ ባለበት ነገር ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ምስክርነቱን ከፈተናው ልናስቀድም እንዴት ይቻለናል?

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአሜሪካ ሕግ ገና ልጅ ነው፤ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ከደረሰ ግን በአላህ ዘንድ ሙከለፍ ነው፣ ሥራው ይጻፍበታል። አባቱ በሐሰት ሲፈርም አጠገቡ ሆኖ የሚያይ ልጅ ወንጀሉ ውስጥ ተጋርቶ እንደገባ ያውቀዋል። የሚቀረጽበትም ትምህርት «ቀይ መብራት ላይ ቁም» የሚለው አይደለም፤ «የሚያይህ ከሌለ እለፍ» የሚለው ነው። ይህን ትምህርት ወደ ፈተናው ክፍል፣ ወደ ሥራው፣ ወደ ትዳሩም ይዞት ይሄዳል።

ከኋላ ወንበር የተማረው

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን መንዳት መማር የሚጀምሩት የለማጅ ፈቃድ ባወጡ ዕለት እንዳይመስላችሁ። ዐሥራ አምስት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲያዩን ኖረዋል። ስልክ እያየን ስንነዳ፣ ደርቦ በገባብን ሰው ላይ ስንሳደብ፣ ለጁሙዓ ዘግይተን የሰው በር ዘግተን ስናቆም አይተዋል። ሉቅማን ልጃቸውን ሲመክሩ በአላህ ላይ ከማጋራት በመከልከል ጀምረው እስከ አረማመዱና እስከ ድምፁ ድረስ መውረዳቸው ያስገርማል። በኩራት እንዳይሄድ፣ አረማመዱን መጠነኛ እንዲያደርግ፣ ድምፁንም ዝቅ እንዲያደርግ መክረውታል። የዛሬ ልጅ አረማመዱ አነዳዱ ነው፤ ድምፁም ክላክሱ ነው።

በልምምዱም ጊዜ የወላጅ ጠባይ ይፈተናል። በማሠልጠኛ መኪና አስተማሪው በእግሩ ሥር ሌላ ፍሬን አለው፤ ወላጅ ግን ምላሱ ብቻ ነው ያለው። ስለሆነም በምላሱ ይጠንቀቅ። ጩኸት ለማጁን ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ እግር ደግሞ ፍሬን ፈልጎ ነዳጅ ይረግጣል። «ወደ ቀኝ ልንታጠፍ ነው፣ ስፖኪዮህን እይ» ብሎ አስቀድሞ በረጋ ድምፅ መናገር ከመቶ ተግሣጽ ይበልጣል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት መሠረት ርኅራኄ የገባበትን ነገር ሁሉ እንደሚያሳምር አንርሳ።

ሰዓቱ ከየት ይምጣ?

45 ሰዓት ሲሰሙት ያስፈራል። ለዘጠኝ ወር ሲካፈል ግን በሳምንት ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የሜሪላንዱም 60 ሰዓት በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ጊዜ አይጠይቅም። ቅዳሜና እሑድ ታናናሾቹን ወደ ቁርኣን ትምህርት ማድረስ፣ ገበያ መሄድ፣ ዘመድ መጠየቅ ሁሉ ልምምድ ይሆናል። የሌሊቱ ሰዓት በዒሻእ ሰላት መንገድና በረመዳን ተራዊሕ ይሞላል። ሆኖም ለማጅን ለአፍጥር በሚጣደፍበት ሰዓት መሪ ላይ አታስቀምጡ፤ ረኃብና ጥድፊያ ክፉ አስተማሪዎች ናቸው። መጀመሪያ ሰው የሌለበት ሰፊ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ የሰፈር መንገድ፣ ከዚያ ዝናብና ሌሊት፣ በመጨረሻ ፈጣኑ አውራ ጎዳና ይሁን። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሰዓቱን ልጁ ራሱ በእውነት ይመዝግብ።

በእውነት ጊዜ ያጣ ወላጅስ? ሕጉ ከጎን የሚቀመጠው ወላጅ ብቻ ይሁን አላለም። የዕድሜና የፈቃድ መስፈርቱን የሚያሟላ አጎት፣ አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ሊረዳ ይችላል፤ በጀማዓችንም ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ሞልተዋል። ለሴት ልጅም እናቷ ወይም መሕረሟ ይገኛል፤ እርሷን ሰዓት አጉድሎ መስደድም ሆነ ያለ ምክንያት ማዘግየት ፍትሕ አይደለም። ይህ ሁሉ ካልተቻለ ደግሞ ልጁ ስድስት ወር ይቆይ። ዘግይቶ በደኅና የሚመጣ መንጃ ፈቃድ ማንንም ገድሎ አያውቅም።

«አጀል ከደረሰ ማን ያስቀረዋል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አጀል በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስሮ እንዲመካ አዝዘውታል። ቀበቶ ማሰር፣ ሰዓቱን መሙላት፣ ዱዓ አድርጎ መነሳት፣ ሁሉም በተወኩል ውስጥ ነው። የመሳፈሪያው ዱዓ ራሱ ይህን መጓጓዣ በራሳችን ኃይል እንዳልገራነው፣ ወደ ጌታችንም እንደምንመለስ ያስታውሰናል። ልጁ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዱዓውን ትርጉሙን አውቆ ይበለው።

እንግዲህ ውድ ወላጆች፣ ወረቀቱ ፊታችን ሲቀርብ አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህ ልጅ ነገ በሚነዳበት መንገድ ላይ የራሴ ታናሽ ልጅ ብቻውን ሊሻገር ቢሆን ኖሮ እፈርም ነበርን? መልሳችን «አዎ» ከሆነ ቢስሚላህ ብለን እንፈርም፤ ካልሆነ እስክሪብቶውን አስቀምጠን ቁልፉን እናንሳና ከልጃችን ጎን እንቀመጥ። አላህ ልጆቻችንን በመንገዳቸው ሁሉ ይጠብቅልን፤ አማናን ከሚወጡት፣ በሐቅም ከሚመሰክሩት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።