የማሰሮው ዘይት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ዐሥሩ ደናግል ባስተማረው ምሳሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ሰነፎቹ አምስቱ መብራት ያልያዙ አልነበሩም፤ መብራታቸውም ከቤት ሲወጡ የጠፋ አልነበረም። ዘይት ነበራቸው፤ ነገር ግን የሚበቃቸው ሙሽራው ሳይዘገይ ቢመጣ ብቻ ነበር። ልባሞቹን ከሰነፎቹ የለያቸው በመብራቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን በማሰሮ ተይዞ የመጣው ትርፍ ዘይት ነው። ልዩነቱም የታወቀው ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ነው።

ይህን ምሳሌ በዓይናችን ፊት የሚያቆም አንድ እውነተኛ ታሪክ በዘመናችን በደቡብ አሜሪካ ስለ ተፈጸመ፥ ለተግሣጽ እንዲሆነን እንመልከተው።

ኅዳር 19 ቀን 2009 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016) ላሚያ የተባለው ኩባንያ አነስተኛ የመንገደኞች አይሮፕላን 77 ሰዎችን ይዞ በቦሊቪያ ካለችው ከሳንታ ክሩዝ ከተማ ተነሥቶ በኮሎምቢያ ወዳለችው ወደ ሜደዪን ይበር ነበር። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ሻፔኮኤንሴ የሚባለው የብራዚል የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾችና መሪዎች፥ ከእነርሱም ጋር የሚጓዙ ጋዜጠኞች ነበሩ። ቡድኑ ለታላቅ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ስለ ደረሰ በደስታ ይጓዝ ነበር።

ለጉዞው የተጻፈው ወረቀት በረራው 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ እንደሚፈጅ ያመለክታል። አይሮፕላኑ በያዘው ነዳጅ ሊበር የሚችለውም ያው 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነበር። የአየር ጉዞ ሕግ ግን ይህን አይፈቅድም፤ ከታሰበው ስፍራ ከሚያደርሰው ሌላ፥ ማረፍ ባይቻል ወደ ሌላ ማረፊያ የሚወስድ፥ ከዚያም በላይ 30 ደቂቃ በአየር ላይ የሚያቆይ ነዳጅ እንዲያዝ ያዛል። የማሰሮው ዘይት ማለት ይህ ነው። ወረቀቱን የመረመረች አንዲት ሠራተኛ ጉድለቱን አይታ እንደ ጠየቀች፥ የተሰጣትም መልስ ይበቃናል የሚል እንደ ነበረ በኋላ ተነግሯል።

በመንገድ ሳሉ ቦጎታ ወርደው ነዳጅ ስለ መሙላት ተነጋግረው ነበር፤ ነገር ግን አልወረዱም። መርማሪዎች እንደ ገለጡት የነዳጁን ማነስ የሚያስታውቀው ምልክት ከአደጋው 40 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ወደ ሜደዪን በቀረቡ ጊዜም ሌላ አይሮፕላን ችግር ደርሶበት ቅድሚያ ስለ ተሰጠው፥ እነርሱ በአየር ላይ እየዞሩ እንዲጠብቁ ታዘዙ። እነሆ፥ ሙሽራው ዘገየ። ካፒቴኑ ጭንቁን ገልጦ የተናገረው በመጨረሻው ሰዓት ነበር። በምድር ሆና የምትመራው ሠራተኛ መንገዱን ልትለቅለት ቻለች፤ ነዳጅ ግን ልትሰጠው አልቻለችም። አራቱ ሞተሮች ተራ በተራ ቆሙ፤ መብራቱ ጠፋ፤ አይሮፕላኑም በሌሊት ጨለማ ከተራራ ጋር ተጋጨ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 6 ብቻ ናቸው። የወደቀው አይሮፕላን አልነደደም፤ የሚነድ ነገር አልቀረለትምና።

ይህን ስንሰማ በሞቱት ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ጌታ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ነግሮናል፤ ሰሚዎቹንም ወደ ራሳቸው ንስሐ መልሷቸዋል። እኛም ወደ ራሳችን እንመለስ።

ሊቃውንት መብራቱን በሃይማኖት፥ ዘይቱን በምግባር ይመስሉታል። እኛ ግን ምግባራችንን ለደኅና ቀን ብቻ በልክ የምንሠፍር ሆነናል። ትዕግሥታችን የሚሰድበን እስኪመጣ ድረስ ይበቃል፤ ጸሎታችን ሕመም እስኪጸናብን ድረስ ይበቃል፤ ምጽዋታችን ኑሮ እስኪከብድ ድረስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ምን ቀርቶልናል? የንስሐ አባታችን፥ ልጄ፥ ከተናዘዝህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ብሎ ሲጠይቀን፥ ይበቃኛል፥ እደርሳለሁ የሚል መልስ እንሰጣለን። የኅሊናችን ምልክት ሲበራም ጥቂት ልሂድና አስብበታለሁ እንላለን። አንዳንዱም ችግሩን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ጠፋሁ ብሎ መናገር ያፍራልና ዝም ይላል። ወንድሜ ሆይ፥ ጠፋሁ ብሎ መናገር የሚጠቅመው ማረፊያ ሳይርቅ፥ ዘይትም ሳያልቅ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ከምሳሌው ይልቅ የሚያስፈራ ነገር አለ። ሰነፊቱ ድንግል በሯ በተዘጋ ጊዜ ከውጭ የቀረችው ስለ ራሷ ስንፍና ነበር። እነዚያ ተሳፋሪዎች ግን የነዳጁን መጠን አያውቁም፤ የሚያውቅ ሰው ከፊት ተቀምጧል ብለው አምነው ተቀመጡ እንጂ።

እናንተ ካህናትና መምህራን፥ እናንተም ቤታችሁን የምትመሩ አባቶችና እናቶች፥ ይህ ነገር ለእኛ ነው። ከኋላችን የተቀመጡ ነፍሳት አሉ። በልጅነቱ በተማረው ብቻ የሚያስተምር፥ ለሌላው ቀድሶ ለራሱ የማይጸልይ፥ ሌላውን አናዝዞ ራሱ የማይናዘዝ መሪ፥ ነዳጁን በልክ ሞልቶ እንደ ተነሣ ሰው ነው። ሰማዩ ብሩህ ሲሆን ማንም አያውቅበትም፤ መዘግየት የመጣ ዕለት ግን ብቻውን አይወድቅም። ስለ ራሱ ሊደፍር የሚወድ ሰው እንኳ፥ በሌላው ነፍስ ሊደፍር ማን ሥልጣን ሰጠው?

ታሪኩ ግን በጨለማ አልተፈጸመም። ኅዳር 21 ቀን ጨዋታው ሊደረግ በታሰበበት ሰዓት የሜደዪን ሰዎች ነጭ ለብሰው፥ ሻማ አብርተው የጨዋታውን ሜዳ ሞሉት። ሊገጥማቸው የነበረው አትሌቲኮ ናሲዮናል የተባለው ቡድንም ዋንጫው ለሟቾቹ ቡድን እንዲሰጥ ለመነ፤ እንደ ልመናውም ተፈጸመ። ይህን እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም። ከልክ በላይ የሆነ፥ በልብ ተጠብቆ የቆየ ፍቅር ግን ነበራቸውና፥ በኀዘን ሌሊት የሚያበሩት አላጡም።

እንግዲህ ገና መንገድ ላይ ሳለን፥ ገበያውም ሳይዘጋ፥ ማሰሮአችንን እንሙላ። ሙሽራው ቢዘገይም መምጣቱ አይቀርምና፥ መብራታችን ሳይጠፋ፥ ከኋላችን ያሉትንም ይዘን እንድንቀበለው ቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።